የታፈነው ግድግዳ

ዱቄት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠው አሮጌው የድንጋይ ቤት ነው። «ኧረ ዱቄት የሚባል ስም አለ እንዴ?» እንዳትሉኝ ልጆች! እናትና አባቷማ ደህና ስም አውጥተውላት ነበር። ዱቄት ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስሙን ያመጣባት ደግሞ ግድግዳው ነው።

እንዴት መሰላችሁ? የቤቱ የውጪ ግድግዳ ድሮ በኖራ የተቀባ ነበር። ኖራው አርጅቶ፣ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት፣ ገና ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል። እሷ ደግሞ ግድግዳ መደገፍ ትወዳለች። ስታጠና ትደገፋለች፣ ስታወራ ትደገፋለች፣ ስታኮርፍማ አይነሳ! ተደግፋ ስትነሳ ጀርባዋ ነጭ በነጭ ነው። ወፍጮ ቤት የዋለች ትመስላለች።

«ዱቄት መጣች! ወንፊት አምጡ!» ይሏታል ልጆቹ።

«እናትሽ ዛሬ አልነፋችሽም እንዴ?»

እሷም አብራቸው ትስቃለች። ቤት ገብታ ልብሷን ስታራግፍ ግን ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። አይታችኋል አይደል፣ እንዲህ የሚስቅ ልጅ?

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እናቷ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ሲንደቀደቅ ከበር ላይ ቢጠሯት አትሰማም። በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ደግሞ የእናቷ አባት ይኖራሉ። ዱቄት አባባ ትላቸዋለች። አባባ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ደረታቸውም ደህና አይደለም። ሲተነፍሱ ፊ... ፊ... የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ደረቴ ውስጥ ፉጨት የሚለማመድ ልጅ ገብቷል» ይላሉ አባባ። «ውጣ ብለው አልወጣ አለኝ። ኪራይ አይከፍል!»

ዱቄት ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ አብልጣ የምትወደው ማንን ነው ብትሏት መልሷ አንድ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ የምትሮጠው ወደዚያች ክፍል ነው። አባባ የሰዓት ሆድ ከፍተው ያሳይዋታል። ከምስር የምታንስ ጥርሳም ጎማ ሌላዋን ስትገፋ፣ ያቺም ሌላዋን ስትገፋ፣ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አዎ፣ አባባም ጭምር! ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲሠሩ ኖረው መገረሙ አልወጣላቸውም።

አንድ ቀን አባቷ ቤቱ እንዲቀባ ፈለገና ግንበኛ ጠራ። ግንበኛው ጋሽ ቱንቢ ይባላሉ። ቱንቢ ማለት ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ እሳቸውም ሲቆሙ እንደዚያ ቀጥ ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። በመጡበት ሰዓት አባቷ ሥራ ላይ ነበር። እናቷ መኪናዋን ታንደቀድቃለች። አባባ ሸለብ አድርጓቸዋል። ጋሽ ቱንቢን ተከትላ ቤቱን የዞረችው ዱቄት ብቻ ናት።

ጋሽ ቱንቢ ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ጆሯቸውን ለጠፉበት።

«ምን አለዎት?» አለች ዱቄት።

«ጤነኛ ነኝ አለኝ። ልብሴ ብቻ አርጅቷል አለ።» ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ሌላ ከተማ ሥራ ይዘው ስለነበር መኪናቸው ሊያመልጣቸው ነው። «ስሚኝ ሚጢጢ። ይሄ የድሮ ግንብ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ፣ ልስኑም በኖራ። ስለዚህ ቀለሙም የኖራ ቀለም ይሁን። ነጭ፣ የማያብረቀርቅ። የዘይት ቀለም እንዳታስነኩት። ይታፈናል።»

«ግድግዳ ይታፈናል እንዴ?» ዱቄት በሳቅ ፈነዳች።

«ሳቂ ሳቂ! ብቻ እንዳትረሺ። ለአባትሽም ለመደብሩም የምትነግሪው አንቺ ነሽ። አደራ!»

ልጆች፣ አደራ የምትባለዋን ቃል ሰማችኋት? ትንሽ ናት። ግን ትከብዳለች።

ማታ አባቷ «ግንበኛው ምን አሉ?» ሲል ዱቄት «ምን እንደሚገዛ ለእኔ ነግረውኛል፤ ለመደብሩ እኔ እናገራለሁ» አለች። እስከዚህ ድረስ አልዋሸችም። አባቷም «ጎበዝ! በይ ነገ ለእትዬ ንገሪያቸውና በጋሪ ይላኩልን» አለ።

እትዬ የቀለም መደብሩ ባለቤት ናቸው። መደብራቸው ውስጥ ስትገቡ ትንፋሻችሁ ቀጥ ይላል! ጣሳው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሬቱ ላይ የቀይ፣ የቢጫ፣ የአረንጓዴ ጠብታ ተረጭቶ ሰማይ ተቀዶ ከነቀስተ ደመናው የወረደ ይመስላል። ዱቄት ስትገባ እትዬ በባልዲ ሙሉ ነጭ ቀለም ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ አደረጉ። በእንጨት አማሰሉት። ሰማያዊው እንደ እባብ ተጠቀለለ፣ ተፈታ፣ እንደገና ተጠቀለለ፤ ድንገት ባልዲው በሙሉ ሰማይ ሆነ። ያቺ ጠብታ! ያን ሁሉ!

«ወይኔ!» አለች ዱቄት።

«አይ አንቺ፣ እኔም በየቀኑ እያየሁት ወይኔ እላለሁ» አሉ እትዬ እየሳቁ። «ጋሽ ቱንቢ ምን አዘዙልሽ የኔ ቆንጆ?»

ዱቄት አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ። አንዲት ሰማያዊ የተቀባች ጣውላ ቆማለች። ታብረቀርቃለች! ዱቄት ጠጋ ብትል የራሷን አፍንጫ አየችባት። በጣቷ ዳሰሰቻት። ጣቷ ላይ ምንም አልቀረም። ከጎኗ ያለው ጣሳ ላይ ደግሞ በትልልቁ «ውሃ አያስገባም!» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ቢቀባ ማን ዱቄት ይለኛል?» አለች በሆዷ። «ደግሞስ ውሃ ካላስገባ ምን ክፋት አለው? ጋሽ ቱንቢ ይሄን ጣሳ አላዩት ይሆናል።»

ልጆች፣ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ብልህ መስሎ፣ አስቦልን።

«ይሄን ነው ያሉት» አለች ዱቄት። «ይሄን የሚያብረቀርቀውን።»

እትዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት። «ጋሽ ቱንቢ? የዘይት ቀለም? ግድግዳችሁ ምንድን ነው?»

«ብሎኬት ነው። በሲሚንቶ አዲስ የተለሰነ። ደረቅ ነው» አለች። ፊቷ ጋለ።

«እሺ፣ ብሎኬት ከሆነና ከደረቀ ይሁን» አሉ እትዬ። አመኗት። ለምን አያምኗት? ልጅ ናታ!

ጋሪው ቤት ሲደርስ አባቷ ክዳኑን ከፈተና ተገረመ። «ይሄማ መስታወት ነው! ሽታውም ይከብዳል። ግንበኛው እንዲህ ዓይነት ያዛሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ይሄኔ ዱቄት እውነቱን ብትናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የመጀመሪያዋ ውሸት ብቻዋን መቆም አትችልም፤ ምርኩዝ ትፈልጋለች።

«እትዬ ይሄ ይሻላል አሉ» አለች። «ውሃ አያስገባም፣ ይሄን ውሰዱ አሉኝ።»

በአባቷ የዕረፍት ቀን ቤቱ ተቀባ። ጎረቤት ሁሉ ሮለርና ብሩሽ ይዞ ወጣ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው «እዚያ ጋ ዘለላችሁ! እዚህም!» እያሉ አዛዥ ሆኑ። ሲጨርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ልጆች፣ ቤቱ በራ! አላፊ አግዳሚው ቆመ። የሰፈር ልጆች ፊታቸውን እያዩ ጸጉራቸውን አበጠሩበት።

«ዱቄት ድሮ ቀረ! ከዛሬ ጀምሮ መስታወት ነሽ!» አሏት።

ዱቄት ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ተነሳች። ልብሷን አዟዙራ አየች። ንጹሕ! እንዴት ደስ አላት መሰላችሁ። በእራት ሰዓት ግን፣ ቤተሰቡ ለጸሎት ዓይኑን ሲጨፍን፣ የእሷ ዓይን አልጨፈን አለ። ሲጨፈን እትዬ ድቅን ይሉባታል።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ምን ዓይነት ዝናብ! ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ውሃው እየዘለለ ይመጣና ከቤቱ ሥር ይተኛል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ግን የአባባ ክፍል ግድግዳ ከውስጥ በኩል ማላብ ጀመረ። አዎ፣ ግድግዳው አላበው! እናቷ በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ተመልሶ ያልበዋል። ጥጉ ላይ ጥቁር ጥቁር ሻጋታ ወጣ። አንሶላው ረጠበ። የአባባ ፉጨት ሳል ሆነ።

«ያ ልጅ ፉጨቱን ትቶ ከበሮ ጀመረ» አሉ አባባ። ለመሳቅ ሞክረው ሳሉ፤ ሳሉ፤ ሳሉ። ዱቄት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

አባቷ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው ደህና ነው። አሸንዳውን አየ። እሱም ደህና ነው። «ከቀለሙ ነው!» ብሎ ወረደና በንዴት ወደ እትዬ መደብር ሄደ። ሲመለስ ለእናቷ ሲነግራት ዱቄት ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች።

«በሰው ፊት ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ‹ይሻላል ብለው ለልጅ ሸጠው፣ አማቴን ሊገድሉብኝ ነው› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹እኔ እንዲህ አላልኩም› አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ውሸታም ሰው ሲነቃበት ማልቀስ ያውቃል!»

ዱቄት ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጓሮ ደርሳ ቀጥ አለች። የሚያብረቀርቀው ግድግዳ አባብጧል! ልክ እጃችን ሲቃጠል ውሃ እንደሚቋጥረው፣ ቀለሙ ውሃ ቋጥሯል። እዚህም እብጠት፣ እዚያም እብጠት። አንዱ የእንቁላል ያህላል። የእናቷን መርፌ አምጥታ በጫፉ ወጋ አደረገችው። ፊን... ብሎ ቡናማ ውሃ በእጇ ላይ ወረደ። ግድግዳው የሚያለቅስ መሰላት።

ምን አደረገች? ተናገረች? አልተናገረችም ልጆች! አሮጌ ጣውላዎች ጎትታ እብጠቱ ላይ አስደገፈች። ሸፈነችው።

በማግስቱ እናቷ እያለቀሰች ነገረቻት። «አባባ ወደ አጎትሽ ቤት ሊሄድ ነው። አጎትሽ ቤት ሩቅ ነው፤ ግን ደረቅ ነው። ሐኪሙ እዚህ እርጥበት ውስጥ መክረም የለበትም ብሏል።»

«እስከ መቼ?»

እናቷ የአባባን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ በላይ ምን መልስ አለ?

አጎቷ ባዶ ሻንጣ ይዞ ሊወስዳቸው በመጣ ቀን ዱቄት ወደ አባባ ክፍል ገባች። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንንሽ መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነው። ክፍሉ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የውሃ ዘለላ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ነይ የኔ እናት» አሉ። «የተበላሸ ሰዓት በሽታውን እንዴት እንደማገኘው ነግሬሽ አውቃለሁ? ሰዎቹ ‹ወድቆ ነው› ይላሉ። ‹ውሃ ገብቶበት ነው› ይላሉ። እኔ ግን ሳልከፍት አላምንም። የዚህ ግድግዳ በሽታ ግን ገረመኝ፤ ስንት ዘመን ደረቅ የነበረ ቤት! ልቤ ሳያውቀው ልሄድ ነው።»

ያኔ ዱቄት አልቻለችም። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እኔ ነኝ አባባ! በሽታው እኔ ነኝ!»

ሁሉንም ተናገረች። ጋሽ ቱንቢ ያሏትን፣ ለእትዬ የዋሸችውን፣ ለአባቷ የዋሸችውን፣ ከጣውላው ኋላ ያለውን እብጠት። ቃሉ እየተጋፋ ወጣ። ስትጨርስ ቀና ብላ ማየት ፈራች።

ፊ... ፊ... ይላል የአባባ ደረት። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«ውሸቱ አሁን ከአንቺ ወጣ» አሉ። «ከቤተሰቡ ግን ገና አልወጣም። አባትሽ አንዲትን ሴት በሰው ፊት ውሸታም ብሏል። ተነሺ። አብሬሽ እቆማለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ሳሎን ውስጥ አባቷ፣ እናቷ፣ አጎቷ ቆመዋል። ዱቄት የአባባን እጅ ይዛ ደገመችው። አባቷ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ።

«እኔ እኮ እትዬን... በዚያ ሁሉ ሰው ፊት...» አለና ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ነጠላ ጫማሽን አድርጊ» አላት ተነስቶ። «አብረን ነው የምንሄደው። አንቺም ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ እኔም እጠይቃለሁ።»

አጎቷ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ «ታዲያ እኔ ሻንጣውን ላውርደው ወይስ ልጫነው?» ቢል እናቷ «አንተ ሰውዬ ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ዱቄት ብቻ አልሳቀችም።

መደብሩ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ዱቄት ሰው እስኪወጣ ልጠብቅ ብላ አሰበች። ግን ስድቡም በሰው ፊት ነበር አይደል? ጮክ ብላ ተናገረች።

«እትዬ፣ እርስዎ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቤታችን ብሎኬት አይደለም። ጋሽ ቱንቢም ይሄን አላሉም። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቷም ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። «እኔንም ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ሳላጣራ ነው የሰደብኩዎት።»

እትዬ ማማሰያ እንጨታቸውን አስቀመጡ። «ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም» አሉ። «ሰው ዓይኔን እያየ ቀለሜን ሲጠራጠር... አይ ልጄ! ስም እኮ በቀለም ማቅጠኛ አይታጠብም።» ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። ዱቄትን አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። «ግን በራስሽ እግር መጣሽ። ይቅር ብዬሻለሁ። እርስዎንም። አሁን ወሬውን ተዉትና ጋሽ ቱንቢን ጥሩ፤ እኔ መፋቂያውን ይዤ እመጣለሁ።»

ከሌላው ከተማ ተመልሰው የነበሩት ጋሽ ቱንቢ በነጋታው ጠዋት መጡ። ዝናቡ አባርቷል፤ አየሩ ብርዳም ነው። ጣውላዎቹን አነሱና እብጠቱን አዩ። ዱቄት የሚቆጧት መስሏት አንገቷን ቀበረች። እሳቸው ግን እንደ ሐኪም እብጠቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ጣሳው ላይ እኮ ውሃ አያስገባም ይላል» አለች ዱቄት በቀጭን ድምፅ።

«ጣሳው አልዋሸም። የማያስገባ ግን አያስወጣም» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «ውሃ ከላይ ብቻ የሚመጣ መሰለሽ? ከመሬት ሥር ይመጣል። ከድስቱ እንፋሎት ይመጣል። ከእናንተ ትንፋሽ እንኳ ይመጣል። አሮጌ የድንጋይ ግንብ ያንን ሁሉ ይጠጣዋል፤ ከዚያ በኖራው ቀዳዳ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጪ ይተነፍሰዋል። ዓይን አያየውም። ቀንም ሌትም ግን ይተነፍሳል። እናንተ የፕላስቲክ ካፖርት አለበሳችሁትና ቆለፋችሁበት። መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ዞረ፤ ወደ አባባ።»

«ታዲያ የዘይት ቀለም መጥፎ ነው?»

«ማን አለሽ? ለብረት በር፣ ለብረት መስኮት ወርቅ ነው። ብረት አይተነፍስም። ቀለም ከመምረጥሽ በፊት ግድግዳው ማን እንደሆነ ጠይቂ። እትዬም እኮ የጠየቁሽ እሱን ነበር።»

እትዬ መፋቂያውን አደሉ። አባት ፋቀ፣ እናት ፋቀች፣ አጎትየው ሸሚዙን ሰብስቦ ፋቀ፣ የሰፈር ልጆችም መጡ። ከሁሉ በላይ የፋቀችው ግን ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የሚያብረቀርቀው ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ እየተላጠ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ልስን እርጥብና ጠቆር ያለ ነበር።

የጓሮው በኩል ተፍቆ ሲያልቅ ፀሐይዋ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ብቅ አለች። ብርሃኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሁሉም እጁን አሳርፎ ወገቡን ያፍታታ ነበር።

እናም፣ ልጆች፣ ግድግዳው ተነፈሰ።

በዓይናቸው አዩት! መጀመሪያ ከታች በኩል ቀጭን ጭስ የሚመስል ነገር ተነሳ። ከዚያ ከመሐል። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ነጭ እንፋሎት ከድንጋዩ እየወጣ፣ በብርሃኑ ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደ። በብርድ ጠዋት ከአፋችን እንደሚወጣው ትንፋሽ ነው፤ ግን የአንድ ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ ሽማግሌ ትንፋሽ። እነዚያ ለፍላፊ የሰፈር ልጆች እንኳ አፋቸው ተዘጋ። እናትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አባት ባርኔጣውን አወለቀ።

ዱቄት መፋቂያዋን ጣለች። ተጠግታ መዳፏን እንፋሎቱ ውስጥ ሰደደች። ለብ ያለ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጀርባዋን የሰጠችው ግድግዳ፣ የሚያሳፍራት ግድግዳ፣ ለካስ ሲተነፍስላቸው ነው የኖረው! እነሱ ሲበሉ፣ እነሱ ሲስቁ፣ አባባ ሲተኙ፣ እርጥበቱን እየሳበ ያስወጣላቸው ነበር። እሷ ደግሞ አፉን ይዛ አፈነችው።

«እግዚአብሔር ሆይ» አለች ቀስ ብላ፣ «በድንጋዩ እንኳ እንዲህ አሰብክልን?»

አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ፈገግ ብለዋል።

«ሰባት ጊዜ ብወለድ» አሉ፣ «የማየው ነገር አያልቅብኝም።»

ግድግዳው ወዲያው አልተቀባም። ጋሽ ቱንቢ «መጀመሪያ ይድረቅ፤ ቸኩላችሁ ደግሞ እንዳታፍኑት» አሉ። አባባ ሳሎን ውስጥ ተኙ። አጎትየው ሻንጣውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ፤ «ቢያንስ የታመመ ወገቤን ይዤ ልሂድ፣ ከሱ በቀር የተጫነልኝ የለም» እያለ እያነከሰ ሄደ። ፀሐይ ወጣች፣ ነፋስ ነፈሰ፣ ጥቁሩ ሻጋታ ታጠበ፣ ግድግዳው ቀስ በቀስ እየነጣ መጣ። የአባባም ሳል ቀስ በቀስ ወደ ፉጨት ተመለሰ።

ከዚያ የኖራው ቀለም መጣ። እትዬ ራሳቸው በባልዲ በጥብጠው አመጡት። ዱቄት ብሩሹን ከመያዟ በፊት ግድግዳውን በውሃ አረጠበች፤ ጋሽ ቱንቢ እንዲህ አስተምረዋት ነበር። ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚመጠው ቀለሙ ሳይዝ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። «የድሮው ኖራ እጅ ላይ የሚቀረው አንድም አርጅቶ፣ አንድም የቀባው ሰው ቸኩሎ ነው» አሏት።

ቀባች። ቀባች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም! ቀለሙ ቀጭን ወተት ነው፤ ሲቀባ ልስኑ ከሥሩ ይታያል። ልፋቷ ሁሉ ውሃ የበላው መሰላት።

«ጋሽ ቱንቢ! አልያዘም! አይታይም እኮ!»

«ቁጭ በይ» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «ኖራ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ቁጭ ብለሽ እይ።»

ከአባባ እግር ሥር ቁጭ አለች። ነፋሱ ግድግዳውን ዳሰሰው። በመጀመሪያ ከላይ ጥጉ ላይ፣ ደመና የመሰለች ትንሽ ንጣት ታየች። ሰፋች። ሌላ ቦታም ወጣች። ማንም ብሩሽ አልያዘም፤ ማንም አልነካውም። ነጩ ከድንጋዩ ውስጥ በራሱ እግር የሚመጣ ይመስል ነበር፤ እየደመቀ፣ እየደመቀ፣ ዓይን እስኪያጠብብ ድረስ። አያብረቀርቅም። ማንም ፊቱን አላየበትም። ግን ከውስጡ የሚበራ ይመስላል።

«አባባ፣ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ዱቄት በሹክሹክታ።

አባባ ደረታቸውን ሞልተው ንጹሑን አየር ሳቡ፣ ቀስ ብለውም ለቀቁት። ሳል አልመጣም። ዱቄት ሰማች፤ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። ግድግዳውም፣ አባባም፣ እሷም አብረው ሲተነፍሱ፣ ነጩ እስከ በሩ ድረስ ደረሰ።

ልጆች፣ ጥፋቱን በውሸት የሸፈነ ልብ ይታፈናል፣ የሚወደውንም ሰው ያፍናል፤ እውነቱን የተናገረ ልብ ግን ይተነፍሳል።